“ግማሹ ባዶ ነው” ተባለና ተዘጋ!

መቼም በዚህ ገጽ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ከዳተኛ ጓደኛ ያልተባለ ነገር የለም። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። “ኤጭ! የትምህርት ቤት ወሬ ደግሞ ምን ይሠራልናል?” ብላችሁ ገጹን ለመገልበጥ እንዳትቸኩሉ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው። እኔን ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛልና እስቲ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴና ከስምንት ዓመት ልጃችን ጋር የመጣነው እ.ኤ.አ. በ2010 ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ አዲስ አበባ የተማርኩት በፈረቃ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት፣ ሲብስም ለአራት ተጠጋግተን፣ ደብተራችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን! የጠዋቱ ፈረቃ ሳይወጣ የከሰዓቱ በር ላይ ይጋፋ ነበር። ስለዚህ ግማሹ ባዶ የሆነ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅሁት አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ነው።

ልጄን ላስመዘግብ የሄድኩ ዕለት ትዝ ይለኛል። ሦስት ፎቅ ያለው የጡብ ሕንፃ ነው። ወለሉ ያበራል። መጀመሪያው ፎቅ ላይ የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ ከላይ ግን ድምፅ የለም። ጸሐፊዋን በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ “ላይ ማነው ያለው?” አልኳት። “ባዶ ክፍሎች ናቸው” አለችኝ። ባዶ! በሆዴ “አይ የእግዜር ሥራ! ይሄን ፎቅ ያን ጊዜ እኛ ሰፈር ቢያመጡልን ኖሮ…” እያልኩ ወጣሁ።

ከጊዜ በኋላ ግን ያ ፎቅ እንደተባለው ባዶ እንዳልሆነ ገባኝ። ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ አንዲት መምህርት እንደ ልጄ አዲስ የመጡ ስድስት ሰባት ልጆችን ሰብስባ እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። ልጄ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ትምህርት ቤት ውስጥ ቃል አልተነፈሰም። አፉን የፈታው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን ቤት መጥቶ ጠረጴዛውን፣ ማንኪያውን፣ ሽንኩርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ እየጠራ ሲያዞረኝ ወጥ አሳርሬ አለቀስኩ።

መንገድ የምታሻግራቸው ሴትዮም ነበረች። ትልቅ ሰው ናት፤ ጥቁር አሜሪካዊት። ልጄ “ደህና አደርሽ” ማለት አስተምሯት፣ እሷ ጠዋት ጠዋት በሩቁ ስታየን “ዴና አዴርሽ!” ብላ ትጮህ ነበር። እኔ የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ዓይኔ እየተጨፈነ ሳደርሰው ያቺን ቃል ስሰማ አገሬ የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

በመጣን በዓመቱ ትዳሬ ፈረሰ። ምክንያቱን ሌላ ቀን አጫውታችሁ ይሆናል። ሰውየው ልብሱን በሁለት ሻንጣ ይዞ ሲወጣ እኔና ልጄ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ቀረን። ሬንቱ ግን አልተቀነሰም! መብራቱም ማሞቂያውም ያው ነው። አንድ ቀን ልጄን ቁጭ አድርጌ “የኔ ጌታ፣ አንዱን ክፍል ካላከራየን መኖር አንችልም። አንተ ምን ትላለህ?” አልኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ትንሽ አሰበና “እሺ ማሚ፣ ግን መጻፊያ ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ይሁንልኝ” አለኝ። ጠረጴዛውን ሳሎን መስኮት ሥር አደረግንለት፣ ክፍሉን ለአንዲት ተማሪ ልጅ አከራየነው፣ ኑሮ ቀጠለ።

ይህን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ባዶ ክፍል ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበላ በራሴ ኪስ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የትምህርት ቢሮ ሰዎች “ግማሽ ባዶ ሕንፃ ማስተዳደር አልቻልንም” ሲሉ “እብዶች ናቸው” አልልም። ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ ሕንፃው ስንት ልጅ ይይዛል? ስንት ተመዝግቧል? ለ500 ልጅ የተሠራ ሕንፃ 200 ልጅ ካለው “40 በመቶው ብቻ ተይዟል” ይባላል። ልጆቹ ቢያንሱም ጣሪያው እኩል ያፈሳል፤ ማሞቂያው እኩል ይበላል፤ ዳይሬክተርም፣ ጸሐፊም፣ ዘበኛም ያስፈልጋል። በጀት የሚሰፈረው ደግሞ በአብዛኛው በተማሪ ቁጥር ነው። እና ትንሹ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህሩን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ያገኛል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ሰው አጥቶ ይቆለፋል። ይሄ ውሸት አይደለም። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

“ግን ልጆቹ የት ሄዱ?” ትሉኝ ይሆናል። በ1960ዎቹ የዋሽንግተን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ140 ሺ በላይ ተማሪ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ከከተማው ወጥቶ ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ዳርቻ ፈለሰ፤ የወላጁም የልጅ ቁጥር አነሰ። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ ግን በራሳቸው አስተዳደር የሚሠሩ ቻርተር የሚባሉ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱና ተማሪውን ተካፈሉት። በ2012 የከተማው አስተዳደር ትምህርት ቤቶች ውስጥ የቀረው ልጅ ወደ 45 ሺ ገደማ ነበር። ሕንፃዎቹ ግን እንደነበሩ ቆመዋል። ሕንፃ እንደ ሰው ሻንጣ ይዞ አይሰደድ!

በ2008 ሚሼል ሪ የሚባሉ የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊ 23 ትምህርት ቤቶችን ዘጉ። ወሬው ሁሉ “ገንዘብ እንቆጥባለን” ነበር። በ2012 የከተማው ኦዲተር ሂሳቡን ሲያየው ግን መዝጋቱ ያስወጣው ገንዘብ በፊት እንደተነገረው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ሳይሆን ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። ለካ ትምህርት ቤት መዝጋት እንደ ሱቅ በር መቆለፍ አይደለም። ዕቃው ይጓጓዛል፤ ባዶው ሕንፃ ይጠበቃል፤ አንዳንዱም ይፈርሳል።

ያ ሪፖርት በወጣ በጥቂት ወራት፣ ኅዳር 2012 ላይ ነው እንግዲህ ተተኪዋ ኃላፊ ካያ ሄንደርሰን የሌሎች 20 ትምህርት ቤቶችን ዝርዝር ያወጡት። የልጄ ትምህርት ቤት ከነዚያ አንዱ ነበረ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ደብዳቤው ቤታችን መጣ። በአማርኛ! አዎ፣ በአማርኛ ተጽፎ! ዋሽንግተን ከተማ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ አለ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማያውቅ ነዋሪ በቋንቋው እንዲያስረዱት ያዛል። አማርኛ ከነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ደብዳቤው ስብሰባው መቼና የት እንደሆነ፣ ወላጅ ሐሳቡን መስጠት እንደሚችል፣ አስተርጓሚም እንዳለ ይናገራል። እኔ ምን አደረግሁ? አንብቤ ፍሪጅ ላይ በማግኔት ለጠፍኩት። “እሄዳለሁ” አልኩ።

የስብሰባው ቀን ማታ የምሠራበት ፓርኪንግ አለቃዬ ደወለ። አንዱ ልጅ ታሞበታል፤ “ትገቢልኛለሽ?” አለኝ። ተጨማሪ ሰዓት ነው፤ ክፍያው ጥሩ ነው፤ ገና ደግሞ እየደረሰ ነው። “እሺ” አልኩ። እኔ ብሄድ ባልሄድ ምን ይለወጣል? የወሰኑትን ወስነዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ልጄን የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ የኤልሳልቫዶር ሴት ናት፣ ከልጆቿ ጋር ይዛው እንድትሄድ ለመንኳት። ለእሱም “ከቻልኩ እመጣለሁ” አልኩት። ይቺን “ከቻልኩ” የምትባል ቃል ልብ በሉልኝ። ልጅ ጆሮ ውስጥ “ከቻልኩ” የለም። “እመጣለሁ” ብቻ ነው የምትሰማው።

አልሄድኩም።

የዚያን ሰሞን ሌላ ነገር ሆነ። ልጄ አዲስ ጃኬቱን ጣለ። አርባ ዶላር! ብርዱ ገብቷል። “የት ጣልከው?” ብለው ዝም። “እኔ ሌሊት ቆሜ አድሬ የገዛሁትን!” ብዬ ሰፈር እስኪሰማ ጮህኩበት። ቃል ሳይመልስ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ዋለ።

ጥር 2013 የመጨረሻው ዝርዝር ወጣ። ከ20ዎቹ 15ቱ እንዲዘጉ ተወሰነ። አምስቱ ተረፉ! ከተረፉት አንዱ ከዩ ስትሪት፣ ከእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ብዙም የማይርቀው ጋሪሰን የሚባለው ትምህርት ቤት ነው። ወላጆቹ ተደራጅተው፣ “አትዝጉብን” ብቻ ሳይሆን “በዚህ መንገድ እንሞላዋለን” የሚል ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። የእኛ ግን ተዘጋ። የተቃወሙ ወገኖች “የሚነካቸው ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች ናቸው” ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ዳኛው መዝጋቱን አላገዱም።

በነሐሴ መጨረሻ ልጄ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ። እውነቱን ልናገር፤ መጥፎ ትምህርት ቤት አልነበረም። የሙዚቃ ክፍል አለው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው። ባለሥልጣናቱ የተናገሩት ጥቅም በአብዛኛው እዚያ ነበረ። ያልነበረው ሌላ ነው። የጥጓ ክፍል መምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። “ዴና አዴርሽ” የምትለን ሴትዮ የት እንደደረሰች ማንም አያውቅም። ከቤት እስከዚያ ሁለት ትልልቅ መንገድ ይቋረጣል። ልጄ በሦስተኛው ሳምንት ተደባድቦ ከንፈሩ ተሰንጥቆ መጣ። “ምን ሆነህ ነው?” “ምንም።” “ማን መታህ?” “ማንም።” ሽንኩርት በእንግሊዝኛ ያስተማረኝ ልጅ “ምንም” እና “ማንም” ብቻ የሚል ልጅ ሆነ። ይሄ ለዓመታት ዘለቀ። እኔም “ጉርምስና ነው” ብዬ ተውኩት።

ይህ የእኔ ልጅ ብቻ ችግር እንዳልሆነ በኋላ ነው የተረዳሁት። በዚያው በ2013 ቺካጎ ከተማ በአንድ ጊዜ 50 ያህል ትምህርት ቤቶችን ዘግታ ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያወጡት ጥናት ልጆቹ በትምህርታቸው ክፉኛ የተጎዱት ገና “ይዘጋል” ተብሎ በተነገረበት ዓመት እንደነበረ አሳይቷል። ልጆቹም መምህራኑም የተሰማቸውን ጥናቱ የገለጸው ሐዘን ብሎ ነው። እንደ ለቅሶ! ለቅሶ ደራሽ ግን አልነበራቸውም። እዚያው ቺካጎ በ2015 ዳየት ለሚባል አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወላጆችና የሰፈሩ ሰዎች 34 ቀን የረሃብ አድማ አድርገዋል። በዓመቱ፣ በ2016፣ እንደገና ተከፈተ። እነሱ 34 ቀን ጾሙ፤ እኔ አንድ ማታ አልሰጠሁም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። በ2022 ልጄ ሃያ ዓመቱ ነው፤ መኪና ይነዳል። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ በድሮው ትምህርት ቤት በኩል አለፍን። ሕንፃው ዛሬ ቻርተር ትምህርት ቤት ተከራይቶታል። የሦስተኛው ፎቅ መስኮቶች ላይ የልጆች ሥዕል ተለጥፏል። “አየህ፣ ሞላ እኮ!” አልኩት፤ እንዲያው ለጨዋታ። መኪናውን ጥግ አስያዘና ዝም አለ። ከዚያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየደባለቀ ነገረኝ።

“ማሚ፣ የዚያን ቀን ማታ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። መምህሬ ናት ያለማመደችኝ፤ ሁለት ደቂቃ። ስለዚያች ክፍል ነበር የማወራው፤ ባዶ አይደለችም ልላቸው። አጠገቤ ላንቺ ወንበር ያዝኩ። ሰው እንዳይቀመጥበት ጃኬቴን አደረግሁበት። አስተርጓሚዋ ሐበሻ ነበረች፤ ጆሮ ላይ የሚደረገውን ማዳመጫ ይዛ ትመጣና ‘እናትህ መጡ?’ ትለኛለች። ‘እየመጣች ነው’ እላታለሁ። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ከዚያ ስሜ ሲጠራ… አልተነሳሁም። ጃኬቱን እዚያው ረስቼው መጣሁ።”

እኔ ምን ልበል? አርባ ዶላር ብዬ የጮህኩበት ጃኬት! ለእኔ ቦታ ይዞ የቀረ ጃኬት!

አለቀስኩ። “ልጄ፣ ይቅር በለኝ” አልኩት። እሱ ሳቀ። “ማሚ፣ የምሠሪው ለኛ ነበር፤ አውቃለሁ። ብቻ አንድ ነገር አለ። የቢሮው ሰዎች ወንበሮቹን ቆጥረው ባዶ ነው አሉ። ያን ማታ እኔም ያንቺን ወንበር ቆጠርኩ” አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ልጅነቱ ማውራት ጀመረ። ሦስት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጠን አወራን። የገዛነው ወተት ተበላሸ።

ውድ አንባቢያን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትሉኝ እንጂ ከዚያ ወዲህ ነገሩን ብዙ አሰብኩበት። እኔ “ትምህርት ቤት በፍጹም አይዘጋ” የምል ሰው አይደለሁም። ክፍሌን ያከራየሁ ሴት ነኝ። ልዩነቱ አከራዩ ላይ ነው። እኔ ልጄን ጠየቅሁት፤ ጠረጴዛውን የት እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ እንደዚያው አደረግን። ከተማም ቢሆን ባዶ ክፍል ሲያገኝ ከመቆለፉ በፊት የሚያደርገው አይጠፋም። ዋሽንግተን ራሷ በ2008 ባወጣችው ሕግ የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናትን ነፃ ትምህርት አስፋፍታለች፤ ባዶ ክፍል ከሕፃናት የተሻለ ማን ይሞላዋል? ለክሊኒክ፣ ለአዋቂዎች የማታ ትምህርት ማከራየትም ይቻላል። የግድ ከተዘጋም ልጁንና መምህሩን አብሮ ማዛወር ይቻላል፤ አዲስ መጪው ልጅ ያፈታችውን መምህርት ይዞ ቢሄድ ግማሹ ቁስል አይኖርም ነበር። ሕንፃውን ደግሞ ቶሎ ከእጅ ማውጣት አይገባም። ማክፋርላንድ የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2013 ተዘግቶ በ2016 እንደገና ተማሪ ተቀብሏል። ሦስት ዓመት! ልጅ በሦስት ዓመት ያድጋል እንጂ አይጠፋም።

ለእናንተ ለወጣቶቹ ደግሞ ሁለት ነገር ልምከራችሁና ላብቃ።

አንደኛ፣ ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አይምሰላችሁ። በ2024 ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሱ ስንቱ ጎረቤት ወደ ከተማው ዳር እንደሄደ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሰፈር ሲነሳ ልጆቹም አብረው ይሄዳሉ፤ ወንበር አንድ ቦታ ይጎድላል፤ ሌላ ቦታ ዴስክ ላይ ለአራት ይቀመጡበታል። ስለ ትምህርት ቤታችሁ ስብሰባ ሲጠራ “የወሰኑትን ወስነዋል” አትበሉ። እኔም እንደዚያው ነበር ያልኩት። ሂዱ! ስትሄዱም እሮሮ ብቻ አትያዙ፤ “ይህችን ክፍል ለዚህ እንጠቀምባት” የሚል ሐሳብ ያዙ። የጋሪሰን ወላጆች ያደረጉት ይሄንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ “ከቻልኩ እመጣለሁ” ብላችሁ ለልጅ፣ ለእናት፣ ለወዳጅ ቃል አትስጡ። ወይ “እመጣለሁ”፣ ወይ “አልመጣም” በሉ። ከሁለቱ መሐል ያለውን ወንበር አንድ ሰው ጃኬቱን አድርጎ ይጠብቅላችኋል።

ባለፈው ገና ለልጄ ጃኬት ገዛሁለት። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከእኔ በሁለት ራስ ይበልጣል። ለክቶ አየውና “ማሚ፣ ይሄኛውን ደግሞ የት ነው የምረሳው?” አለኝ። እኔም “የትም እርሳው፤ ዘንድሮ ወንበሩ ላይ እኔ ነኝ የምቀመጠው” አልኩት።

ቸር ይግጠመን።